ለመንገድ ዳር ልጆች ምን ይዘን እንሂድ?

ሞጆ ደረቅ ወደብ በር አጠገብ፣ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ከሚያድሩበት ቦታ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ጋቢና ስወጣ ሾፌሩ በእጄ የያዝኩትን ፌስታል አየ።

«ምንድን ነው እሱ?»

ከፈትኩለት። ሁለት ትልልቅ እሽግ ከረሜላ፣ አንድ ፓኬት እስክርቢቶና አንድ እፍኝ ፊኛ።

«ለማን ነው?»

«ለልጆች ነዋ። መንገድ ላይ ለምናገኛቸው።»

ትንሽ ዝም አለ። «ውሃስ?»

«ለእኛ አንድ እሽግ ይዣለሁ፣ ጋሼ።»

«ለእኛማ እኔም ይዣለሁ» አለና ሞተሩን አስነሳ።

ንግግራችን እዚያ ላይ ቆመ። እኔም እንደ ተራ ወሬ ነበር የወሰድኩት። ጥያቄ መሆኑ የገባኝ ከሰዓታት በኋላ፣ አንድ ልጅ በእኔ ምክንያት ሊሞት ሲል ነው።

እኔ ትራንዚተር ነኝ። ሥራዬ ወረቀት ነው፤ ዲክላራሲዮን እሞላለሁ፣ ሰነድ አመሳክራለሁ፣ ለሰው ዕቃ እሮጣለሁ። ሞጆ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ደረቅ ወደቡ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ባሕር አይታ የማታውቀው ከተማ ከመርከብ የሚወርደውን ዕቃ ትቀበላለች። ነገሩ የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከሀገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ አዲሱ ባቡርም ጭነት ያመላልሳል፤ ቢሆንም አብዛኛው አሁንም በጎማ ነው የሚሄደው። ከሞጆ ተነስቶ በአዳማ፣ በመተሐራ፣ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ አድርጎ ገላፊ ላይ ድንበር የሚሻገረው መንገድ፣ እስከ ጅቡቲ ወደብ ሲቆጠር ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ያን መንገድ ለዓመታት በወረቀት ላይ አውቀዋለሁ። በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። የአንድ ደንበኛዬ ኮንቴይነር በሰነድ ስህተት ጅቡቲ ላይ ሲቀርና ሰው ራሱ መሄድ አለበት ሲባል፣ ፓስፖርቴን ይዤ ከማውቀው ሾፌር ጋር ተሳፈርኩ። ከሀገር ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ከረሜላውን የገዛሁት ለዚህ ነው። የሰው ሀገር ልጆች ፊት ባዶ እጄን መቅረብ አልፈለግኩም።

ይሄ ከምንም የመጣ አይደለም። እኛ ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም። ልጅ ያለበት ቤት ሲኬድ ሙዝ ወይ ብርቱካን ይያዛል፣ ዳቦ ይያዛል፤ ቢጠፋ ቢጠፋ ከረሜላ። አባት ከገበያ ሲመለስ ልጆቹ ከፊቱ በፊት ኪሱን ነው የሚያዩት። ስለዚህ ለማላውቃቸው ልጆች ከረሜላ መግዛቴ ያደግሁበት ጨዋነት ብቻ ነበር የመሰለኝ።

ግን የቤቱን ስጦታ ልብ ብላችሁ እዩት። በር ይንኳኳል። እናት ትወጣለች። ፌስታሉን የምትቀበለው እሷ ናት፤ ለልጁ በእጁ ከተሰጠም እሷ እያየች ነው። ልጁ ከተጣደፈ «በሁለት እጅህ!» ትለዋለች። ልጁ ጎንበስ ብሎ ይቀበላል። እንግዳው «እደግ» ይለዋል። ከዚያ ይቀመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ቁርስ ይቀርባል፣ ሲወጣ ሰጥቶ ከገባው የበለጠ ተቀብሎ ነው የሚወጣው። ከረሜላው የዚህ ሁሉ ትንሹ ክፍል ነው። እኔ ከሱቅ ስወጣ ትንሹን ክፍል ብቻ ነበር የያዝኩት።

ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ያደግሁት ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆቃና በመቂ መካከል ባለች መንደር ነው። ወደ ላንጋኖና ወደ ሐዋሳ የሚወርዱ መኪኖች በእኛ በኩል ያልፋሉ። ፈረንጅ የያዘ መኪና ከሩቅ ስናይ ከብቶቹን ጥለን አስፋልት ዳር እንደርሳለን፤ «ፔን! ፔን!»። ኋላ ላይ ደግሞ «ሀይላንድ!» መጣ። ሀይላንድ ቀድሞ ገበያ ላይ የዋለ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ቀስ በቀስ የማንኛውም ባዶ የውሃ ፕላስቲክ መጠሪያ ሆነ። ለከተማ ሰው ቆሻሻ ነው። ለእኛ ግን ትምህርት ቤት ውሃ የሚያዝበት፣ ነጭ ጋዝ የሚገዛበት፣ ዘይት የሚቀዳበት ዕቃ ነበር፤ ከተጠራቀመ ይሸጣል።

እኔ ፈጣን ነበርኩ። በልጅነቴ ስድስት ወይ ሰባት እስክርቢቶ አግኝቻለሁ። ደስታው ደስታ አልነበረም ብል ውሸት ነው፤ አንዱን ቀፎው እስኪሰነጠቅ ድረስ ጽፌበታለሁ። አንድ ቀን ግን እኔ መኪና ስከተል ጥጆቹ የሰው በቆሎ ውስጥ ገብተው ማታ ተገርፌያለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ለአንድ እስክርቢቶ ከአክስቴ ልጅ ጋር ተደባድበን ጥርሱ ተነቃንቋል። ጎረቤታችን የነበረች ልጅ ሁልጊዜ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ነበር የምትመጣው። እሷ ስትደርስ መኪናው ሄዷል። አንድም እስክርቢቶ አላገኘችም። ከመስኮት የሚወረወር ነገር በጣም ለሚያስፈልገው ሳይሆን በጣም ለሚሮጠው ነው የሚደርሰው።

ከሰጪዎቹ ደግሞ የአንዳቸውንም ፊት አላስታውስም። የማስታውሰው እጅና የሚዘጋ መስኮት ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ ሠላሳ ዓመት ቆይቼ፣ እኔው ራሴ እጅና መስኮት ሆንኩ።

ገዋኔን ካለፍን በኋላ ነው። ምድሩ ጠፍጣፋ ነው፣ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ላይ ይነሳል። መንገድ ዳር ቢጫ ጀሪካን አጠገባቸው ያስቀመጡ ልጆች ቆመዋል። አይጮሁም። አውራ ጣታቸውን ወደ አፋቸው ያስጠጋሉ፣ በቃ። ደስ አለኝ፤ ይሄኔ ነው አልኩ። መስኮቱን ከፍቼ አንድ እፍኝ ከረሜላ በተንኩ።

ሦስቱ ሮጡ። አንዱ ከረሜላ ነጥሮ አስፋልቱን ተሻግሮ ነበር፤ ትንሹ ልጅ እሱን ተከትሎ ገባ። ከፊት ለፊታችን ቦቴ እየመጣ ነው። የቦቴው ክላክስ ሲጮህ፣ የእኛ ሾፌር በስፖኪዮ ሲያይ፣ እኔ ዞር ስል ሁሉም በአንድ ጊዜ ሆነ። ልጁ መሐል ላይ ቆመ፣ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ቦቴው ጠርዙን ነክቶ አለፈ።

ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ ደግሞ እንደ ቤት መኪና በአንዴ አይቆምም። ቆመን ወርደን ተመልሰን እስክንደርስ ልጆቹ ከረሜላውን ለቅመው ጨርሰዋል። ትንሹ ምንም አልሆነም። እየሳቀ ነበር። ሾፌሩ ራሱን ዳሰሰውና ወደ መኪናው ተመለሰ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም።

«ያ ልጅ ቢሞት ኖሮ የሚታሰረው የቦቴው ሾፌር ነበር» አለኝ። «አንተ ጅቡቲ ደርሰህ ‹ለልጆች ከረሜላ ሰጠሁ› ብለህ ታወራ ነበር።» ፌስታሉን ተቀብሎኝ ከወንበሩ ኋላ ወረወረው።

ብዙ ኪሎ ሜትር ሳንነጋገር ሄድን። መጀመሪያ ያፈርኩት በአደጋው ነው። ቀጥሎ የመጣብኝ ሐፍረት ግን የባሰ ነበር። ልጆቹ የጠየቁት ውሃ ነው። አውራ ጣት ወደ አፍ ማለት በየትም ቋንቋ ውሃ ማለት ነው። እኔ የሰጠሁት ከረሜላ ነው። ከረሜላ ደግሞ ያስጠማል። እግሬ ሥር አንድ እሽግ ውሃ እያለ ምን እንደሚፈልጉ ከሞጆ ሳልነሳ ወስኜ ስለነበር ሲነግሩኝ አልሰማሁም። ያን ከረሜላ የገዛሁት ለእነሱ ጥማት ሳይሆን ለራሴ ደስታ ነው፤ ልጅ ሲቦርቅ ማየት ፈልጌ። ይሄ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ግን ሰው ለራሱ የገዛውን ነገር «ስጦታ» ብሎ ሲጠራው ሒሳቡ ይዛባል።

ሚሌን ካለፍን በኋላ ሾፌሩ ፍሬቻ አሳይቶ ከአስፋልቱ ወጣና አንዲት የግራር ዛፍ አጠገብ ቆመ። ብልሽት መስሎኝ ነበር። ከተሳቢው ሥር የታሰሩ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ፈታ፤ አዋሽ ላይ ሲሞላቸው አይቼ ለራዲያተር መስሎኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ጠና ያለች ሴት ከልጆች ጋር መጣች። ውሃውን ወዲያው ይሰጣታል ብዬ ጠበቅኩ። አልሰጣትም። ተቀመጡ።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ከሌላው ነገር ሁሉ በፊት ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ከየት መጣህ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣሩ እንዴት ነው፣ ከብቱ፣ ግመሉ፣ ማን ታመመ። የሰማ ሰው ያሰማል። በረሃ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ስንቅ የለም፤ ውሃ ያለበትን አቅጣጫ የሚነግርህ ወሬ ነው። የሾፌሩ አፋርኛ የተሰባበረ ነው፤ ዳጉ ለማድረግ ግን በቂ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ሲነጋገሩ እኔ ሰዓቴን ሁለት ጊዜ አየሁ።

ከዚያ ጀሪካኖቹ ተላለፉ። አንዲት ልጅ ሄዳ ወተት ይዛ ተመለሰች። ሾፌሩ ሁለቴ ጎንጨት አለና አቀበለኝ። ጭስ ጭስ ይላል፤ አመነታሁ።

«ጠጣ» አለኝ በአማርኛ፣ ፊቱን ሳይለውጥ። «እምቢ ካልክ ለማኝ አደረግሃቸው ማለት ነው።»

ጠጣሁ።

ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው ዝነኛ ጥናቱ ስጦታ ሦስት ግዴታዎች እንዳሉት ይከራከራል፤ መስጠት፣ መቀበልና መመለስ። አንዱ ሲጎድል ነገሩ ስጦታነቱን ያጣል። እኛ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገንም። የተደረገለት ሰው «ብድር መላሽ ያድርገኝ» ይላል። ምርቃት ይመስላል፤ ግን «ተቀባይ ሆኜ አልቅር፣ እኔም የምሰጥበት ቀን ይምጣ» የሚል ልመና ነው። በመስኮት የሚወረወር ከረሜላ ይህን ቀን ይዘጋል። ወርዋሪው ሄዷል፤ ለማን ይመለሳል? ሴትየዋ ግን ወተቱን አምጥታ ሒሳቡን አስተካከለች። ከዚያ ዛፍ ሥር ስንነሳ ሰጪና ተቀባይ ማን እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር።

እዚህ ጋ ብልህ አንባቢ «ታዲያ ከነጭራሹ አለመስጠት አይሻልም?» ይላል። ይህ ሐሳብ ቀላል አይደለም። ለተጓዦች የሚሰጠው ምክርም ዛሬ ዛሬ ይህንኑ ይላል፤ ለልጅ በእጁ አትስጡ፣ ልመና ታስተምራላችሁ፣ ከትምህርት ቤት ታስቀራላችሁ፣ የጥርስ ሐኪም በሌለበት ጥርስ ታበላሻላችሁ፤ መስጠት ካማራችሁ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለጤና ጣቢያው ስጡ። በቆሎ ውስጥ የገቡት ጥጆች ምስክሬ ናቸው፤ አብዛኛው እውነት ነው።

ግን ይህን ሕግ የሚያወጣው ውሃ የያዘው ሰው መሆኑን አትርሱ። አየር ማቀዝቀዣ ባለው መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ ውሃ እየጠጣ፣ አውራ ጣቱን ወደ አፉ ያስጠጋን ልጅ «ልማድ እንዳይሆንብህ ብዬ ነው» ብሎ ማለፍ መርሕ ሳይሆን ምቾት ነው። ለእኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱን ነገሮች በአንድ ስም ስለምንጠራቸው ነው የምንሳሳተው። ለተጠማ ሰው ውሃ መስጠት ስጦታ አይደለም፤ ግዴታ ነው፣ ካለህ ከሰጠህም ምስጋና አይገባህም። ከረሜላ ግን ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ ደንብ አለው፤ መቆም፣ መውረድ፣ እናትን ማየት፣ የሚመለስልህን መቀበል። እኔ ግዴታዬን ትቼ ስጦታውን ያለ ደንቡ ሰጠሁ።

ገላፊን ተሻግረን ጅቡቲ ገባን። ፌስታሉ ከወንበር ኋላ እንደተጣለ ነው። «የሰው ሀገር ልጆች» ያልኳቸውን አሁን አገኛለሁ። ዲኪል ሳንደርስ ሦስት ልጆች በእግራቸው ሲሄዱ አየን። ወደ እኛ ዞረው እጃቸውን አወዛወዙ። ሾፌሩ ፍጥነት ቀነሰ፣ ቆመ።

«ጋሼ፣ ውሃ» አሉ፤ በአማርኛ።

ከእኛው ሀገር ናቸው። በኦቦክ በኩል ባሕሩን ተሻግረው በየመን ወደ ሳዑዲ ከሚሄዱት ናቸው። ስንቱ ወጣት በዚህ መንገድ እንዳለፈ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስንቱ በረሃ ላይ፣ ስንቱ ባሕር ላይ እንደቀረም። ትንሹ ከ14 ዓመት አይበልጥም። ከየት ነህ ስለው «ከአርሲ» አለኝ። ከእኔ መንደር ብዙም የማይርቅ። ሾፌሩ ሁለት እሽግ ውሃ አወረደላቸው፤ የእኔንም ጨምሮ። ማሳፈር ግን አይችልም፤ ከተያዘ መኪናውም እሱም ይቀራሉ። «ተመለሱ» አላቸው። ዝም አሉ።

ምን እንደማደርግ ስለጠፋኝ ከወንበር ኋላ ፌስታሉን አወጣሁና ወረድኩ። ከረሜላውን ለትንሹ ሰጠሁት። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

እናቱ ናት ያስተማረችው። እዚያ በረሃ ላይ፣ ጫማው ተበጥሶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ «በሁለት እጅህ» ያለችውን አልረሳም። ደንቡን ጠብቄ የሰጠሁት የመጀመሪያ ከረሜላ እሱ ነው፤ ቆሜ፣ ወርጄ፣ ስሙን ጠይቄ። ምንም ደስ አላለኝም። ትንሽ ስጦታ በትክክል ቢሰጥ እንኳ ትንሽ ነው። ያ ልጅ የሚያስፈልገው ከቤቱ የማያስወጣው ነገር ነበር፤ እሱ ደግሞ ፌስታል ውስጥ አይገባም። አሁን ሳስበው ለመቆም የሚከብደን ለዚህም ይመስለኛል። ከረሜላ በትነን ስናልፍ የምንሸሸው ይህን ነው፤ ከቆምን የሰጠነው ትንሽ መሆኑን እናያለን።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ወደ ጅቡቲ ተመላልሻለሁ። ምን እንደምይዝ ለሚጠይቁኝ የሥራ ባልደረቦቼ የምመልሰው አጭር ነው፤ ውሃ፣ ታጥበው የተሞሉ ሀይላንዶች ከነክዳናቸው፣ እና ጊዜ። መኪናው ካልቆመ ምንም አይሰጥም። ይሄ የመጨረሻው ይመርራል። ከ800 ኪሎ ሜትር ውስጥ የምንቆመው አንድ ወይ ሁለት ቦታ ነው፤ በሌላው ሁሉ ጣታቸውን ወደ አፋቸው ያስጠጉ ልጆችን እያየን እናልፋለን። አንድ ቀን ሾፌሩን ጠየቅኩት፤ «ለሌሎቹስ፣ ጋሼ?»

«ለሌሎቹ አልደረስኩም» አለ። «እንደደረስኩ ግን አላስመስልም።»

ያቺ ወንድሟን አዝላ የምትመጣው ጎረቤታችን ዛሬ ሞጆ ነው የምትኖረው፤ ሦስት ልጆች አሏት። በቅርቡ ቤቷ ቡና ስንጠጣ ይህን ሁሉ አጫወትኳት፤ እኔ ሰባት እስክርቢቶ ሳገኝ እሷ አንድም እንዳላገኘች፣ እስከ ዛሬም እንደሚቆጨኝ። ሳቀች።

«እኔ እኮ እስክርቢቶ አልፈለግኩም ነበር» አለችኝ። «ወንድሜን ለትንሽ ጊዜ የሚይዝልኝ ሰው ነበር የምፈልገው። እናንተ ሁላችሁም ስትሮጡ ማን ይያዝልኝ?»